የኦንላይን ካልኩለስና የቴሌግራም ግሩፕ፦ መረዳዳቱ የት ላይ ኩረጃ ይሆናል?

የማታዋ ተማሪ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስለሚሰጥ ኦንላይን ካልኩለስ 1 ነው። የቤት ሥራው ማይላብ (የኦንላይን ሒሳብ መለማመጃ) ላይ፣ ኩዊዙ ካንቫስ (የኮሌጁ የኮርስ ገጽ) ላይ ነው። ሚድና ፋይናሉ ደግሞ ካሜራ ተከፍቶ በፈተና ሰዓት ሌላ ገጽ በማያስከፍተው ሎክዳውን ብራውዘር ይሰጣል። 11 ሐበሻ ተማሪዎች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ እስካሁን የተጠራቀመበት ይኼ ነው፦

የዲሪቬቲቭ (የለውጥ መጠን) ፎርሙላዎች የተሰበሰቡበት ሁለት ገጽ ፒዲኤፍ። ጥቂት የዴስሞስ (ኦንላይን ግራፍ መሣያ) ግራፍ ሊንኮች። የቤት ሥራ ጥያቄዎች በተራ ቁጥር ተዘርዝረው አጠገባቸው መልስ የሚጻፍበት ጉግል ሺት፤ አንዳንዱ ጥያቄ ላይ የራስን ቁጥር ሲያስገቡ መልሱን አስልቶ የሚሰጥ ሳጥን አለው። በመጨረሻም ኮርሱን ባለፈው ሴሚስተር የወሰዱ ልጆች የላኳቸው የኩዊዝ ስክሪንሾቶች።

ሲለበሱ (የኮርሱ መመሪያ) ስለዚህ የሚለው ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። «በቤት ሥራ ላይ መወያየት ይፈቀዳል፤ የሚገባው ሥራ ግን የራስ መሆን አለበት። ኩዊዝ ኦፕን ኖት ነው። ለፋይናል በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ይፈቀዳል።»

ግሩፑ ውስጥ «ማይላብ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥሩን ስለሚቀያይር ሺቱ ኩረጃ አይባልም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው? የትኛውን ማቆየት፣ የትኛውን ማውጣት ይሻላል? ሁለቱ ልጆች በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ያሉ ስለሆኑ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ሦስተኛ ረድፍ

እህቴ፣ ፒዲኤፉ ችግር የለበትም። ስክሪንሾቶቹ ዛሬውኑ ይውጡ። ዴስሞሱ እንደ አሠራሩ ነው። ዋናው ጣጣ ሺቱ ነው፤ እሱ ላይ ልቆይ።

«ቁጥሩ ይለያያል» የሚለው ክርክር በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ቁጥሩ የሚለያየው መቅዳት እንዲታይ ነው። አንድ የታወቀ ጥያቄ እንውሰድ፦ ጎኑ 24 ኢንች ከሆነ ካሬ ካርቶን አራት ማዕዘኖች ላይ እኩል ካሬዎች ተቆርጠው ጠርዞቹ ሲታጠፉ ክዳን የሌለው ሳጥን ይሆናል፤ ትልቁ ይዘት ስንት ነው? የሚቆረጠው 4 ኢንች ነው፣ ይዘቱም 16 × 16 × 4 = 1024 ኪዩቢክ ኢንች። ሌላዋ ተማሪ ዘንድ ካርቶኑ 18 ኢንች ሆኖ ይመጣል። የሷ መልስ 12 × 12 × 3 = 432 ነው። እሷ ከሺቱ ላይ 1024 ብላ ካስገባች ስህተት ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው ካርቶን መልስ ነው። አስተማሪው የተማሪዎቹን ያልተሳኩ ሙከራዎች ከፍቶ ሲያይ 18 ኢንች ካርቶን ላይ 1024 ከየት መጣ ብሎ ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። በስሌት ስህተት የሚመጣ ቁጥር አይደለማ።

አሁን ደግሞ ሺቱ ላይ ያለው፣ ቁጥር ሲገባበት መልስ የሚሰጠው ሳጥን። ያ ሳጥን ውስጥ ያለው ፎርሙላ 2 × ጎን³ ÷ 27 መሆን አለበት፤ ለ24ም ለ18ም ትክክል ይመጣል። ችግሩ ጥያቄው የሚፈትነው ማባዛትን አለመሆኑ ነው። ተማሪው የይዘቱን ፈንክሽን ራሱ ማቋቋሙን፣ ዲሪቬቲቩን ዜሮ ማድረጉን፣ የማያስኬደውን መልስ መጣሉን ነው የሚፈልገው። ሳጥኑ ሦስቱንም ሠርቶ ይሰጣል። ስለዚህ ሲለበሱ «የራስ መሆን አለበት» ያለውን የሚጥሰው ከተጻፈው መልስ ይልቅ ይኸው ሳጥን ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይኼኛውን ንጹሕ አድርጎ ያየዋል።

ደግሞም ይከዳል። ማይላብ አንዳንዴ ካሬውን ትቶ 16 በ10 የሆነ ካርቶን ያመጣል። ይዘቱ ኤክስ × (16 − 2ኤክስ) × (10 − 2ኤክስ) ነው። ሲበተን 4ኤክስ³ − 52ኤክስ² + 160ኤክስ፣ ዲሪቬቲቩ 12ኤክስ² − 104ኤክስ + 160፣ ይኼ ዜሮ ሲሆን ኤክስ ወይ 2 ወይ 20/3 ይሆናል። 10 ኢንች ጎን ላይ ከሁለት ወገን ከ5 በላይ መቁረጥ ስለማይቻል 20/3 ይጣላል። መልሱ 12 × 6 × 2 = 144 ነው። ሳጥኑን ያመነ ሰው 16ን አስገብቶ 303.41 ይዞ ይወጣል፤ ከትክክለኛው ከእጥፍ በላይ። ሁለት ሦስት ሰው ይህንኑ 303.41 ካስገባ ደግሞ አንድ ምንጭ እንዳላቸው ራሳቸው ተናገሩ ማለት ነው።

ኢንተግራል

በሺቱ እስማማለሁ። ኩዊዙ ላይ ግን አታካብዱ። ኦፕን ኖት ከተባለ ስክሪንሾቱም ኖት ነው፤ ከማን እንደመጣ ማን ይጠይቃል?

አሮጌ ካልኩሌተር

@ኢንተግራል፣ ይጠይቃሉ እንጂ። ኦፕን ኖት ማለት ደብተርህ ክፍት ነው ማለት እንጂ ጓደኛህ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ኢንተርኔትም አይጨመርበትም፤ ኢንተርኔት ሲፈቀድ ለብቻው ይጻፋል። የቆየ ኩዊዝ ንጹሕ የሚሆነው አስተማሪው ራሱ ለመለማመጃ ብሎ ከለቀቀው ወይም በግልጽ ከፈቀደ ነው። ካንቫስ ላይ ጥያቄዎቹ ከአንድ ቋት በዕጣ እንዲወጡ ስለሚደረግ ያለፈው ሴሚስተር ጥያቄ እንዳለ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የፈተናን ጥያቄ ፎቶ አንስቶ ማስተላለፍ በብዙ ኮሌጆች ደንብ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ የላከውም የተቀበለውም ይጠየቃሉ፣ ባይጠቀሙበት እንኳ።

ቼግ (የቤት ሥራ መልስ በክፍያ የሚሰጥ ድረ ገጽ) ላይ ጥያቄ መለጠፍም ከዚሁ ይመደባል። ኮሌጆች በደብዳቤ ሲጠይቁ ቼግ የጠየቀውንም መልሱን የከፈተውንም አካውንት መረጃ የሰጠበት ጊዜ አለ። «እኔ አየሁ እንጂ አልጠየቅሁም» የሚለው እዚያ ላይ አያወጣም።

ለማታዋ ተማሪ ስለ ዴስሞስ ትንሽ ልጨምር፣ ጥሩ መሣሪያ ስለሆነ ፈርታችሁ እንዳትጥሉት። ሊጋራ የሚገባው ግራፍ ይኼን ይመስላል፦ ኤፍ(ኤክስ) = ኤክስ² ጻፉ፣ ሀ = 3 አድርጉ፣ ኤች የሚባል ተንሸራታች ከ1 እስከ 0.01 ሥሩ። ከዚያ (ኤፍ(ሀ + ኤች) − ኤፍ(ሀ)) ÷ ኤች የሚለውን በአንድ መስመር፣ በሁለቱ ነጥቦች የሚያልፈውን ቀጥታ መስመር በሌላ። ኤች 1 ሲሆን ስሎፑ 7፣ 0.1 ላይ 6.1፣ 0.01 ላይ 6.01። መስመሩ ኩርባውን እየነካ ሲመጣ ዲሪቬቲቭ ምን እንደሆነ በዓይን ይታያል። ኤችን ዜሮ ብታደርጉት ግን ስሎፑ ትርጉም የለውም ይላችኋል፤ ሊሚት ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ይህ ግራፍ የማንንም የቤት ሥራ አይሠራም፤ ለመቶ ሰው ብትልኩት ችግር የለውም።

ሊንኩ ሲላክ የሚሄደው በዚያ ሰዓት የነበረው ቅጂ ነው። አንዱ በኋላ ቢያስተካክለው ሌላው ዘንድ አይቀየርም፣ ስለዚህ የተሳሳተ ግራፍ ከተላከ አዲሱን መልሶ መላክ ነው።

የማታዋ ተማሪ

በጣም አመሰግናለሁ፣ የሳጥኑ ነገር አሁን ነው የገባኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። የፋይናሉን «በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት» በጋራ ማዘጋጀት ይቻላል? ሌላው፣ አብሮ መሥራት ከተፈቀደ አብሮ ሠርቶ የራስ ማድረግ በተግባር እንዴት ነው? ሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር መጻፋችን አይቀርም።

ሦስተኛ ረድፍ

ከሁለተኛው ልጀምር። በሒሳብ ትምህርት ክፍሎች ዘንድ የቆየ ዘዴ አለ፦ ሰሌዳ ላይ አብራችሁ ተወያዩ፣ ስትለያዩ ማንም ምንም ጽፎ አይውጣ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ እያንዳንዱ በነጭ ወረቀት ከመጀመሪያው መስመር ይጀምር። የጠፋበት ሰው ያልገባው መስመር የትኛው እንደሆነ እዚያው ያውቀዋል፤ ተመልሶ መጠየቅ ያለበትም ያንን መስመር ብቻ ነው። በዙም ከሆነ የምትወያዩት የተጋራው ሰሌዳ ይዘጋ፣ ስክሪንሾት አይነሳ።

አንድ ዓይነት መሆኑ በራሱ አያስጠይቅም። የይዘቱ ፈንክሽን ያው አንድ ነው፣ ትክክለኛ መልስም ይመሳሰላል። ዓይን የሚገባው አንድ ዓይነት ስህተት፣ አንድ ዓይነት የተዘለለ መስመር፣ ወይም ክፍል ውስጥ ያልተነካ ዘዴ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ኢንተግራል ትጀምራላችሁ፤ 1 ÷ (1 + ኮሳይን ኤክስ) የሚል ቢመጣ በክፍል የሚሠራው ላይና ታቹን በ(1 − ኮሳይን ኤክስ) በማባዛት ነው፣ የሚወጣው ኮሴካንት ኤክስ − ኮታንጀንት ኤክስ። ፎቶማዝ (ጥያቄ ፎቶ ሲነሳ የሚፈታ አፕ) ወይም ቻትጂፒቲ ታንጀንት(ኤክስ/2) ብሎ ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱ እኩል ናቸው፤ የመጀመሪያው ወደ (1 − ኮሳይን) ÷ ሳይን ሲሰበሰብ የግማሽ ማዕዘን ታንጀንት ነው። ግን የግማሽ ማዕዘን ፎርሙላ ያልተማረ ሰው ታንጀንት(ኤክስ/2) ብሎ ከጻፈ «እንዴት አገኘኸው?» ይባላል። 1 + ኮሳይን ኤክስ = 2ኮሳይን²(ኤክስ/2) ብሎ ማስረዳት ከቻለ አበቃ፣ ተመስግኖ ይሄዳል። ካልቻለ ወረቀቱ የሱ አይደለም።

ማይላብ ላይ ደግሞ እያለ የማይነካ ነገር አለ። «ሄልፕ ሚ ሶልቭ ዚስ» የሚለው ቁልፍ በራሳችሁ ቁጥር መስመር በመስመር ያስኬዳችኋል፤ ከዚያ ነጥብ ለማግኘት በአዲስ ቁጥር እንደገና እንድትሠሩ ያደርጋል። «ቪው አን ኤግዛምፕል» በሌላ ቁጥር የተሠራ ያሳያል። አስተማሪው ካልዘጋቸው ሁለቱም የተፈቀዱ ናቸው፣ ሺቱ የሚሰጠውን በሙሉ ይሰጣሉ፣ ማንም አይከሰስባቸውም። ሰው ይህን ትቶ ሺት ለምን እንደሚሠራ አይገባኝም።

አሮጌ ካልኩሌተር

ስለ ፋይናሉ ወረቀት፦ ይዘቱን አብሮ መምረጥ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ አንዱ ጽፎ ሌላው ፎቶ ኮፒ ማድረጉ ነው ደንቡን የሚጥሰው። «በእጅ የተጻፈ» የተባለው መጻፉ ራሱ ጥናት ስለሆነ ነው። በታብሌት ብዕር ተጽፎ የታተመ ይቆጠራል ወይ የሚለው ከአስተማሪ አስተማሪ ይለያያል፤ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። አንድ ወረቀት ሲባል ፊቱ ብቻ ወይስ ጀርባውም? ይኼም ይጠየቅ። ፈተናው ሲጀመር ሁለቱንም ገጽ ለካሜራ አሳዩ፣ ካላሳያችሁት ጀርባውን መጨረሻ ላይ ስትገለብጡ የሚታየው ቪዲዮ አያምርም።

ምን ይጻፍበት ለሚለው፣ የኃይል ደንብ ዓይነቱን ሁሉ አትሙሉበት፤ እነዚያን ሰው በቃሉ ይዟቸዋል። የኮሼንት ደንብ የሚቀነሰው የቱ እንደሆነ፣ የቼይን ደንብ በሦስት ንብርብር አንድ የተሠራ፣ የሪሌትድ ሬትስ፣ ማለትም የተያያዙ ለውጦች ጥያቄ፣ አሠራር ቅደም ተከተል (ቁጥር የሚተካው ዲሪቬቲቭ ከተወሰደ በኋላ ነው፣ በፊት አይደለም)፣ ከዚያ የቀረው ቦታ በቤት ሥራ ላይ ደጋግማችሁ የተሳሳታችሁት። የመጨረሻው ለእያንዳንዱ ሰው ስለሚለያይ ወረቀቶቹ በራሳቸው አይመሳሰሉም።

ካልኩሌተር ከተፈቀደና ፕሮግራም የሚጫንበት ቲአይ-84 ከሆነ፣ ከጓደኛ በገመድ የተጫነ ፕሮግራም ካለበት እንደ አጤሬራ ነው የሚታየው። ማጥፊያው፦ ሰማያዊውን 2ንድ ቁልፍ፣ ከዚያ የመደመር ቁልፉን፣ ከዚያ 7፣ 1፣ 2። ይኼ ግን ራሙን ብቻ ነው የሚያጸዳው፤ አርካይቭ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም እንዳለ ይቀራል። 7ን ከተጫናችሁ በኋላ ከላይ ወደ ቀኝ በሚታየው የአርካይቭ ዝርዝር ገብታችሁ እዚያም አጥፉ። የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ፣ ተመልሶ አይመጣም።

ደንብ አንባቢ

ጉዳዩ ወደ ኮሌጁ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቢሄድ ምን እንደሚሆን ማንም አላነሳም፣ ኤፍ-1ም ስለተነሳ ጥቂት ልበል።

እንደ ወንጀል ፍርድ ቤት «ከጥርጣሬ በላይ» ማስረጃ አይጠበቅም። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች መለኪያው «ከአለመሆኑ ይልቅ መሆኑ ያመዝናል» የሚለው ነው። የካንቫስ ሎግ (የእንቅስቃሴ መዝገብ) ተማሪው ከኩዊዙ ገጽ መውጣቱን ያሳያል፤ ሆኖም ማስታወቂያ ብቅ ስላለ ብቻም ሊመዘገብ ስለሚችል ለብቻው ደካማ ማስረጃ ነው። እንደ 303.41 ያለ የጋራ ስህተት ሲጨመርበት ግን ይከብዳል። ጉግል ሺት የማሻሻያ ታሪክ ስላለው ማን የትኛውን ሕዋስ መቼ እንደሞላ ይታያል። ቴሌግራም ላይ መልእክት ለሁሉም ማጥፋት ይቻላል፤ የተነሳ ስክሪንሾት ግን አይጠፋም። ክስ ከመጣ በኋላ ግሩፑን ማጥፋት ደግሞ ከመጀመሪያው ጥፋት የባሰ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል።

መጠኑን ለመገመት፦ ዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ በግንቦት 2020 የካልኩለስ ፋይናሉን በርቀት ሰጥቶ 73 ካዴቶች ተከሰሱ፤ 72ቱ የመጀመሪያ ዓመት ነበሩ። በመጨረሻ 8 ተባረሩ፣ 51 አንድ ሙሉ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሱ። (ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ነው።) ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ የመጀመሪያ ጥፋት ብዙ ጊዜ በሥራው ዜሮ ወይም በኮርሱ ኤፍ ያልቃል፤ እገዳ የሚመጣው ሲደጋገም ወይም ፈተና ሲሆን ነው።

ለኤፍ-1ዎቹ እገዳ ማለት ሌላ ነው። የታገደ ተማሪ መመዝገብ ስለማይችል የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መከታተያ) መዝገቡ ይዘጋል፣ ያኔ ትምህርቱን የጨረሰ ሰው የሚያገኘው የ60 ቀን ጊዜ የለም። «ከመከሰሴ በፊት ኮርሱን ልጣለው» ማለትም ወጥመድ ነው፤ ያለ ዲኤስኦ (የኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ) ፈቃድ ከሙሉ ጊዜ ጭነት በታች መውረድ ራሱ ስታተስ ያሳጣል። ስለዚህ ደብዳቤ የደረሰው ሰው መጀመሪያ ዲኤስኦውን ያናግር፣ ከዚያ የተጻፈውን የመልስ ቀን ገደብ ይይ፣ የሠራበትን ረቂቅ ወረቀት ሰብስቦ ይያዝ። ከሁሉ የሚያድነው ረቂቅ ነው፤ የተሰረዘ፣ የተሳሳተ፣ የተደገመ። ተቀድቶ የመጣ ሥራ ስርዝ ድልዝ የለውም።

የማታዋ ተማሪ

ስክሪንሾቶቹና ሺቱ ይወጣሉ። ለአስተማሪው መጻፍም ታስቧል፣ ግን «ግሩፕ አለን» ማለት ራስን ማጋለጥ አይሆንም? እንዴት ነው የሚጻፈው?

ሦስተኛ ረድፍ

አጠቃላይ ጥያቄ አትጠይቁ። «አብረን ማጥናት እንችላለን?» ካላችሁት «ሲለበሱን አንብቡ» ይላችኋል። እያንዳንዱን መሣሪያ በስሙ፣ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ጨምራችሁ፣ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ በሚመለስ መልክ ጻፉ። ሐሳቡ ይኼ ነው፣ በእንግሊዝኛ አድርጉት፦

«ጤና ይስጥልኝ ፕሮፌሰር። የምንወያይበት የጥናት ቡድን አለን፤ ከደንቡ እንዳንወጣ አራት ነገር ማረጋገጥ እንፈልጋለን። 1. ለቤት ሥራ፣ የማይላብ ጥያቄ የሌለበት የጋራ የፎርሙላ ማጠቃለያ መጠቀም ይፈቀዳል? 2. ለቤት ሥራ፣ ጽንሰ ሐሳብ የሚያሳይ የዴስሞስ ግራፍ መላላክ ይፈቀዳል? 3. በኩዊዝ ሰዓት ያንኑ ማጠቃለያ እንደ ኖት መክፈት ይቻላል? 4. የፋይናሉ ወረቀት ሁለቱንም ገጽ ይጨምራል? በታብሌት የተጻፈስ?»

ሦስተኛው ላይ በተለይ መልስ ጠብቁ፤ በጋራ የተዘጋጀ ኖት «ኖት» መሆኑን ሁሉም አስተማሪ አይቀበልም። ዝም ካለ ፈቀደ ማለት አይደለም፣ በሳምንቱ ደግማችሁ ጻፉ። መልሱ በኮሌጁ ኢሜይል ይምጣና እንዳለ ግሩፑ አናት ላይ ይሰካ።

መጋለጡን በተመለከተ፣ ሺቱ ከጠፋ በኋላ የሚጋለጥ ነገር ምን አለ? እስካሁን ከሺቱ ወስዶ ያስገባ ሰው ካለ ግን ያ የራሱ ጉዳይ ነው፣ በቡድን ደብዳቤ አይነካካም።

ኢንተግራል

እሺ፣ ስክሪንሾቱ ላይ ተሳስቻለሁ። ፒዲኤፉን የሚያዘጋጀው ሰው ግን አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ ምሳሌዎቹን ከማይላብ አይውሰድ፣ ቁጥር ቢቀይርም። ራሱ ፈጥሮ ይጻፍ፣ ርዕሱንም «የቤት ሥራ 7 ጥያቄ 12» ሳይሆን «ኦፕቲማይዜሽን» ይበለው። እና የእያንዳንዱን ምሳሌ የመጨረሻ መስመር፣ አንባቢው ራሱ እንዲጨርሳት፣ ባዶ ይተዋት።

የማታዋ ተማሪ

ባዶ መስመሯ ጥሩ ናት። ኢሜይሉ ዛሬ ማታ ይላካል።